ጉግስ፤ ከኋላ ሰልፍ ወደ ፊት ሰልፍ

(በመካነ ሰላም ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጨዋታ ነው። «ለጨዋታ ነው እንዴ የጠራችሁን?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለጨዋታ ነው። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ፈረስ የሚጎዳበት፣ ዓይን የሚጠፋበት፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ጎረቤት ለዓመታት የሚኳረፍበት ጨዋታ ነው። የጨዋታውም ስም ጉግስ ነው።

ጉግስ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይሁንና ንግግሩ በጽሑፍ ስለሚቀር፣ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንግለጸው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን እየጋለበ ይሸሻል። ሁለተኛው ወገን እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፤ ወይም ጎንበስ ብሎ ያመልጣል። ቀጥሎም ተራው ይገለበጣል፤ ሲሸሽ የነበረው አሳዳጅ ይሆናል። በዓመት በዓል፣ በጥምቀት፣ በሠርግም ጊዜ እንዲህ ይደረጋል።

ታዲያ ወጣቱ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። አቧራ እበላለሁ። ፊት የሚሰለፉት እነ እገሌ ናቸው። እንዴት አድርጌ ነው ከፊት የምደርሰው?» ይላል። የዛሬው ንግግር ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ማዕረግ ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ቀድሞ የነበሩትን የጦር ማዕረጎች ስም ልብ ብላችሁ አንብቡ። ፊታውራሪ ማለት የፊቱን ጦር የሚመራ ማለት ነው። ቀኛዝማች በቀኝ በኩል ያለውን ጦር ያዘምታል። ግራዝማች በግራ በኩል ያለውን። ደጃዝማች ደግሞ የደጁን፣ ማለትም የመሪውን ድንኳን በር ጦር ያዛል። እነዚህ ማዕረጎች ዛሬ ቀርተዋል። ስማቸው ግን አንድ ነገር ይነግረናል። እያንዳንዱ ማዕረግ የቦታ ስም ነበር። ሰውዬው ለወገኑ የትኛውን በኩል እንደሚጠብቅ የሚናገር ነበር። ከኋላ በር የሚጠብቀው ከፊት ከሚሄደው ያነሰ አልነበረም፤ እንዲያውም ደጃዝማች ከፊታውራሪ በላይ ነበር። ይህን ወጣቶቹ ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ፈረስም በዚያን ዘመን ለሰው ስም ይሰጥ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። የእኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አባ ጤና ተባሉ። እነዚህ ሁሉ የፈረስ ስሞች ናቸው። ጌታው በፈረሱ ስም ተጠራ እንጂ ፈረሱ በጌታው ስም አልተጠራም። አባ ታጠቅ የተባሉት ንጉሥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱበት የመቅደላ አምባ ደግሞ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጣሊያኑን የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከመቱት መካከል ነበሩ። ጄኔራሉም በዚያው ቀን ሞተ። ከወሎ ደጋ እስከ ዐድዋ ያለውን ገደልና ሸለቆ አስቡት። እነዚያ ፈረሰኞች ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ ፈረሳቸው ሳይዝል፣ በመጨረሻው ቀን መጋለብ ቻሉ። ይህ በአንድ ቀን የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ጉግስ ያን ጊዜ የጦርነት ትምህርት ቤት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከኋላ ያለው ወጣት የሚያስበው ስለ ክንዱ ነው። «ክንዴን ባጠነክር፣ ዘንጌን አርቄ ብወረውር» ይላል። እኔ ግን በፈረሱ ጀምር እለዋለሁ። ብዙ ሰው ከኋላ የሚቀረው ክንዱ ስለደከመ አይደለም፤ ፈረሱ ስለደከመ ነው።

የፈረሱን ዕድሜ በጥርሱ ዕወቁ። ፈረስ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው የመካከለኞቹን የፊት ጥርሶች ይለውጣል። በሦስት ዓመት ተኩል ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትን ይለውጣል። በአራት ዓመት ተኩል የዳር የዳሮቹን ይለውጣል። አምስት ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ ሁሉ ተለውጠው ያልቃሉ። ጥርሱን ለውጦ ያልጨረሰ ፈረስ አጥንቱም ገና አልጠነከረም። እንዲህ ያለውን ውርንጭላ በሽምጥ ማስጋለብ ለአንድ ቀን ጭብጨባ ሲባል የአሥር ዓመት ንብረት ማበላሸት ነው።

ፈረሱ የቤት ንብረት መሆኑን አንርሳ። በበዓል ማግሥት እኮ ይኸው ፈረስ ነው ገብስ ጭኖ ገበያ የሚወርደው። ምጥ የያዛትን ሴት ወይም የታመመን ልጅ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውም እሱ ነው። በጉግስ ያነከሰ ፈረስ ቤተሰቡን ሁሉ ያነክሳል።

አንዳንዱ ሰው ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ በገለባ ያኖረዋል። ከዚያ ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ቁና ሙሉ ገብስ ያፈስለታል። «ጉልበት ይሁነው» ይላል። ይህ አደገኛ ነገር ነው። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ደግሞም ፈረስ እንደ ውሻ ወይም እንደ ሰው ማስመለስ አይችልም። የገባው ሁሉ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይመለስም። ስለዚህ ድንገት ብዙ እህል ቢበላ ሆዱ ይነፋል፣ ቁርጠት ይይዘዋል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ሊሞትም ይችላል። ሌላም ጉዳት አለ፤ ሰኮናው ውስጥ ትኩሳት ገብቶ መራመድ ያቅተዋል። እህሉን በጥቂት ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ። ገብስም ሆነ ሲናር ቢሆን ያው ነው። ዋናው ምግቡ ግን ሣርና ድርቆሽ መሆኑን አትዘንጉ።

ውኃስ? ፈረስ እንደ ሥራውና እንደ ሙቀቱ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። ይህም አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን መሆኑ ነው። ከግልቢያ በኋላ እያለከለከ ሳለ አስሮ ማቆም ጥሩ አይደለም። ቀስ እያላችሁ አዘዋውሩት። ትንሽ ትንሽ ውኃ ስጡት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቁ። መቁጠርና ሰዓት ማንበብ የተማራችሁ እዚህ ላይ ትምህርታችሁን ተጠቀሙበት። ጤነኛ ፈረስ አርፎ ሲቆም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ጎኑን እያያችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ወደዚህ እስኪወርድ ድረስ ለሁለተኛ ዙር አታስወጡት።

ስለ ገጣባ የምናገረው ብዙ አይደለም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገጣባ ያለበት ፈረስ ላይ ኮርቻ የሚጭን ሰው ለፈረሱ ቢያዝን ኖሮ እሰየው ነበር። ለፈረሱ ባያዝን እንኳ ለራሱ ይዘን። ጀርባው የሚያመው ፈረስ ሲታጠፍ ይጠራጠራል፣ ይወዘወዛል፣ ጌታውን ይጥላል። ግላሱን ከበዓሉ በፊት እጠቡት፤ ከላብ የደረቀ ግላስ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ፈረሱ ደህና ነው እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው መወርወር አይደለም። መሸሽ ነው። አዎ፣ መሸሽ። መሸሽ የማይችል ሰው በጉግስ ከፍ አይልም፤ ምክንያቱም የጨዋታው ግማሽ መሸሽ ነው። ተመትቶ የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ተራ አያሳድድም። አርበኛውን ከጉረኛ የሚለየው ስንት ሰው መታ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ሳይመታ ተመለሰ የሚለውም ነው።

የሚሸሽ ሰው ዛብንና ጋሻን በግራ እጁ ይይዛል። ጋሻው ጀርባውንና ማጅራቱን እንዲሸፍን አድርጎ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ጋሻ ማለት እንግዲህ የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ የነበረው ነው፤ ዛሬ በብዛት የበሬ ቆዳ ነው። ጉልበቱን ወደ ፈረሱ ጎን ያጠብቃል። በፈረሱ አንገት ላይ ይተኛል። ነገር ግን ዛቡን አያንጠለጥልም። ዛብ ጎትቶ ሚዛን የሚጠብቅ ሰው የፈረሱን አፍ በልጓም ይቆርጣል፤ ፈረሱም አንገቱን ሽቅብ ይሰቅላል። አንገቱን የሰቀለ ፈረስ መሬቱን አያይም።

ፈረስ ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከኋላው በቀጥታ ካለው ጠባብ ቦታ በቀር በዙሪያው ያለውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያያል። አሳዳጁ ከጎን ሲመጣ ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው ፈረሱ ነው። ጆሮው ወዴት እንደዞረ ተመልከቱ። ጆሮው የዞረበት በኩል አሳዳጅ አለ። አንገታችሁን ጠምዝዛችሁ ከማየት ይልቅ ይህ ይሻላል፤ የዞረ ፊት ለዘንግ የተዘጋጀ ፊት ነው።

እርካብን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የጥንቱ እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ነበር። ሰው ሲወድቅ ጣቱ ሾልኮ ይወጣል። ዛሬ ብዙው ሰው ሰፊ የብረት እርካብ ይጠቀማል። ኮንጎ ጫማ አድርጎ እግሩን እስከ ተረከዙ ያስገባል። ሲወድቅ ጫማው ይሰነቀራል፤ ፈረሱም ይጎትተዋል። በሰፊ እርካብ የሚጋልብ የእግሩን ጫፍ ብቻ ያስገባ። ቢቻል ኮንጎውን አውልቆ ይጋልብ።

አሁን መወርወር እንችላለን። ዘንጉ ቀላልና ጫፉ ያልሾለ ይሁን። የሚጋልብ ሰው የወረወረው ዘንግ የፈረሱን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። ፈረስ በሽምጥ ሲጋልብ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የሚሸሸውም በዚያው ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ዘንጉ ሲደርስበት የቀረው የክንድ ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላ የተወረወረ ዘንግ ሲመታ ብዙ ጊዜ አይገድልም። ሁለቱ ፊት ለፊት እየመጡ ቢወረወር ግን የሁለቱ ፈረሶች ፍጥነት ተደምሮ በክንዱ ኃይል ላይ ይጨመራል። ያ ዘንግ ጥርስ ያወልቃል፣ ዓይን ያጠፋል። ፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው ዘንግ አይወረወርም። ይህን ሕግ የማያውቅ ሰው፣ ክንዱ የብረት ቢሆንም፣ ከኋላ ሰልፍ እንኳ ባይገባ ይሻላል።

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እሱም ወገን ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ወገን አሥር ፈረሰኞች አሉ እንበል። ከእነሱ መካከል አንዱ በጣም ጎበዝ ነው። ማሳደድ ሲጀመር ከሁሉም ቀድሞ ብቻውን ይፈተለካል። አንድ ሰው ይመታል። እልልታ ይሰማል። ከዚያስ? ከወገኑ ርቋል። ፈረሱ ጉልበቱን ጨርሷል። ተራው ሲገለበጥ ከተቃራኒው ወገን መካከል ብቻውን ይገኛል። ሁለት ሰው ከግራ፣ አንድ ሰው ከቀኝ ይመጣበታል። እሱን ለማዳን ሌሎቹ ከሰልፋቸው ይወጣሉ፤ ሰልፉ ይፈርሳል። አንድ መታ፤ ሦስት አስመታ። እንዲህ ያለው ሰው በየዓመቱ «እኔ እያለሁ ወገኔ ለምን ይሸነፋል? እነሱ ናቸው የማይረቡት» ሲል ይሰማል። ሒሳቡን ግን ሠርቶት አያውቅም።

ሌላው ፈረሰኛ ብዙ አይታይም። ከጎኑ ያለው ሰው የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። የጓደኛውን መንገድ አያቋርጥም። የደከመ ፈረስ የያዘውን ጓደኛውን ከኋላ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ጋሻውን ለራሱ ብቻ አይዝም። ሽማግሌዎች ጨዋታውን ከጉብታ ላይ ሆነው ሲያዩ ይህን ሰው ለይተው ያውቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ወገን ሲከፈል በመጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እንግዲህ ከኋላ ሰልፍ የሚያወጣው መንገድ ይኸው ነው፤ ሌሎች ከጎናቸው ሊያደርጉህ ሲፈልጉ ነው ከፊት የምትደርሰው።

ጠብን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በጨዋታ የተመታ ሰው ሁልጊዜ «ጨዋታ ነው» ብሎ አይተወውም። በተለይ የመሬት ወይም የውኃ ነገር በሁለቱ መካከል ከነበረ፣ ዘንጉ ሰበብ ይሆናል። «ሆን ብሎ ነው የመታኝ» ይላል። ወንድሙ ይነሣል፣ የአጎቱ ልጅ ይነሣል። በወሎ በብዙ ቦታ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ፤ ነገር ግን አበጋር የሚጠራው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ እንደማስበው ሽማግሌዎች ከጨዋታው በፊት ቢቀመጡ ይሻላል። ዘንጎቹን አንድ በአንድ ይዩ። የሾለውን ይጣሉ። የተቀያየሙ ሰዎች ካሉ በአንድ ወገን ያሰልፏቸው። አዎ፣ በአንድ ወገን! አንዱ የሌላውን ጀርባ እንዲጠብቅ ይገደድ። ጠላ የጠጣም ፈረስ ላይ አይውጣ።

በቱርክ አገር ከጉግስ ጋር በጣም የሚመሳሰል ጨዋታ አለ። ጅሪት ይባላል። እዚያም ሁለት ወገን ፈረሰኞች በተራ እየተሳደዱ የእንጨት ዘንግ ይወረውራሉ። ነጥብም ይቆጠራል። ሰውን የመታ ነጥብ ያገኛል። ፈረስን የመታ ይቀጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ አሳዳጁ የሚሸሸውን በቅርብ ደርሶበት፣ መምታት እየቻለ፣ ሳይመታ ቢምረው ለዚህም ነጥብ ይሰጠዋል። ምሕረት በነጥብ ትቆጠራለች ማለት ነው። በእኛም አገር በአዊ ዞን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው ያከብራሉ። እነሱ በማኅበር ስለተደራጁ ሰልፋቸውና ሥርዓታቸው ያምራል። የቦረናና የሳይንት፣ የለጋምቦና የወግዲ ፈረሰኛ እንዲህ ያለ ማኅበር የማያቋቁምበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ልጆቻችሁ ጥቂት ልበል። በከተማው ቤት ተከራይተው፣ ከእናንተ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩት ማለቴ ነው። «ልጄ ሌሊት ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይዋጋል፤ ከማን ጋር እንደሚዋጋ አይገባኝም» የሚሉ አባቶች አሉ። ልንገራችሁ። በስልክ የሚደረግ የቡድን ውጊያ ነው። ሞባይል ሌጀንድስ በሚባለው ጨዋታ ለምሳሌ አምስት ሰው ለአምስት ሰው ይገጥማል። እርስ በርሳቸው በዓይን አይተዋወቁም፤ አንዱ መካነ ሰላም፣ ሌላው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ያሸነፈ ደረጃው ከፍ ይላል፤ የተሸነፈ ዝቅ ይላል። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ ጨዋታ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ «ጦረኛ» መባሉ ነው። ለአያቶቻችን ጦረኛ መባል ትንሽ ነገር አልነበረም!

በዚያም ቢሆን ልጆቹን ከታች የሚያስቀራቸው ያው ብቻውን የሚፈተለከው ሰው ጠባይ ነው። ብቻውን ይገባል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ሌሎቹን ይሳደባል። ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ተናዶ ሦስተኛ ይጀምራል፤ በንዴት የተጀመረውም ይሸነፋል። ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ግን አንድ ሁለት ዓይነት ተዋጊ መርጦ እነሱን ጠንቅቆ ያውቃል። የጓደኞቹን ቦታ ያያል። ሲናደድ ያቆማል። ልጃችሁን ከመቆጣት በፊት «ስንት ጊዜ ሞትክ? ጓደኛህንስ ስንት ጊዜ አዳንክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቱና ለስልኩ ካርድ ስለሚያወጣው ገንዘብ ብትነግሩት ይሰማችኋል። በስልኩ ውስጥ የሞተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይነሣል፤ በጉግስ ሜዳ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ይህንንም ንገሩት።

ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው። ፈረሱን ከኅዳር መጨረሻ ጀምሩት። በመጀመሪያው ሳምንት በእርምጃ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው በሶምሶማ፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት ደንገላሳ አስለምዱት። ሽምጥ ግልቢያ በሳምንት ከአንድ ቀን አይብለጥ። ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን አሳርፉት። ሰኮናውን አንሥታችሁ በመካከሉ ጠጠር መኖር አለመኖሩን እዩ። በበዓሉ ጠዋት እህል አታብዙበት፤ ከግልቢያው ሰዓት አስቀድማችሁ ትንሽ ሣር ስጡት። ውኃውንም በጠዋት ይጠጣ።